«ጎረምሳ ነው» ስለተባለው የ14 ዓመት ልጅ፦ ጣቢያም ችሎትም ላይ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ ሰኔ 2003 ዓ.ም. የተወለደ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ ኩዌት ስለሆነች የማሳድገው እኔ ነኝ። የምንኖረው ወሎ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማታ ከሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር ሆነህ ስልክ ነጥቀሃል ተብሎ ተያዘ። ዛሬ ዓርብ ነው (የካቲት 2018)፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ያለው ከአዋቂዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪው ‹ይሄ ጎረምሳ 18 አልፎታል› ይላል። ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል አሉኝ። የስልኩ ባለቤት ደግሞ ብር ከሰጣችሁኝ ክሴን አነሳለሁ አለ። እኔ ወላጁ አይደለሁም፤ መብት አለኝ? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መብት አለዎት። ወላጅ ባይሆኑም ሕጉ አሳዳሪን (አሳዳጊን ማለቱ ነው) እና ዘመድን በስም ጠርቶ ያስገባል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። አሁን ግን ከስልኩም ከገንዘቡም በፊት የሚሯሯጡለት ነገር የልጁ ዕድሜ ነው። ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ተጠርጣሪን በዕድሜ ከፋፍሎ ነው የሚያየው። 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ አይነካውም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ያለውን «ወጣት ጥፋተኛ» ይለዋል፤ ለእሱ የአዋቂ መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አንድ ላይ አይታሰርም (አንቀጽ 53)። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ወይም ለትንንሾቹ የተቀመጡትን እርምጃዎች ሊወስድለት ይችላል (አንቀጽ 56)። ከዚያ በላይ አዋቂ ነው። ስለዚህ መርማሪው ቁመቱን አይቶ «18 አልፎታል» ሲል በአንዲት ቃል ልጁን ከአንዱ ሕግ አውጥቶ ሌላ ሕግ ውስጥ ከተተው ማለት ነው። በነገራችን ላይ 9 ዓመት የሚለው መነሻ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ አገሮች ቢያንስ 14 እንዲያደርጉት መክሯል። የእኛ ሕግ ግን እስካሁን 9 ላይ ነው ያለው።

ዕድሜ የሚቆጠረው ድርጊቱ ተፈጸመ እስከተባለበት ቀን ድረስ ነው። የእርስዎ ልጅ ባለፈው ማክሰኞ 14 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ነበር። ጉዳዩ ተንዛዝቶ ሰኔ ቢገባና 15 ቢሞላው «አሁንማ አድጓል» ሊባል አይገባም። ቀኑ እንዲህ ጫፍ ላይ ሲሆን ማስረጃው ከወር እስከ ወር የሚታመን መሆን አለበት።

ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ወደ ቀበሌ ሮጦ የልደት ሰርተፊኬት ያወጣል። ክፋት የለውም፤ ያውጡ። ነገር ግን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የ2003 ልጅ በወቅቱ በዚህ ሥርዓት አልተመዘገበም። ልጁ ከታሰረ በኋላ የወጣ ወረቀት ይዘው ሲቀርቡ ዐቃቤ ሕጉ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ወጣ?» ነው። የሚያሳምነው የቆየ ወረቀት ነው፤ ማንም ስለ ስልክም ስለ እስርም ሳያስብ የተጻፈ። እናቱ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ቢጫ የክትባት ካርድ ካለ ወርቅ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት ግድም፣ የኩፍኙ በ9ኛው ወር ስለሆነ ቀኖቹ እርስ በርስ ይመሳከራሉ። ካርዱ ከጠፋ ጤና ጣቢያው መዝገቡን ገልጦ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ክርስቲያን ከሆናችሁ የክርስትና ምስክር ወረቀት አለ፤ ወንድ ልጅ የሚጠመቀው በ40 ቀኑ ስለሆነ የተጠመቀበት ቀን የተወለደበትን ቀን ያመለክታል። ሙስሊም ከሆናችሁ አቂቃውን (ሲወለድ የታረደለትን ድግስ) የሚያስታውሱ ጎረቤቶች፣ በተለይ በዚያው ወር የወለደች እናት፣ ጥሩ ምስክር ናቸው። ከትምህርት ቤት ደግሞ የዘንድሮውን ካርድ አይደለም የሚያስጽፉት፤ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተሞላውን ቅጽ ወይም የዚያን ጊዜውን ሮስተር ነው። ርእሰ መምህሩ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ልጁ በየትኛው ዓመት እንደገባና ያኔ ዕድሜው ስንት ተብሎ እንደተመዘገበ ይጻፍልዎት።

ሁለት ነገሮች ብዙ መዝገብ ሲያበላሹ አይቻለሁ። አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው። እናቱ ኩዌት ሆና የሞላችው ወይም ያስተረጎመችው ወረቀት ካለ በፈረንጅ ነው የሚጻፈው፤ «2011» ተብሎ ሳይብራራ ችሎት ከገባ የ14 ዓመቱ ልጅ በወረቀት 7 ዓመት ይሆንና ሌላው ማስረጃ ሁሉ ይጠረጠራል። እያንዳንዱ ቀን አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መባሉን ያረጋግጡ። ሁለተኛው፣ ለሥራም ይሁን ለጉዞ ተብሎ የልጁ ዕድሜ ተጨምሮ የወጣ መታወቂያ ወይም ምዝገባ ካለ አይደብቁት። ለጠበቃው አስቀድመው ይንገሩ፤ ፖሊስ ራሱ አውጥቶ ካቀረበው ማስተባበሉ ይከብዳል።

ወረቀቱ ካልበቃ ፍርድ ቤቱ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የእጅ አንጓ ራጅ ይነሣል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ሰውነቱ ይመረመራል። ይህ ምርመራ የሚሰጠው ግምት ነው፤ የአንድ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ አለው። ሐኪሙ «17 ዓመት» ብሎ በአንድ ቁጥር ከጻፈ ጠበቃው «ከስንት እስከ ስንት?» ብሎ እንዲጠይቅ ያድርጉ። መልሱ «ከ14 እስከ 17» ከሆነ ልጁ ወደሚጠቀምበት ዕድሜ ነው መታየት ያለበት። የተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚቴ ጥርጣሬ ሲኖር ለልጁ ይደላ ይላል፤ ኢትዮጵያም የሕፃናት መብቶችን ስምምነት ስላጸደቀች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ስምምነቱ የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የስምምነቱ ተርጓሚ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። አዋቂ ተይዞ ከሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) ላይ ለጉዞ የሚወስደውን ጊዜ ሳይጨምር በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ከማክሰኞ ማታ እስከ ዛሬ ያ አልፏል፤ ስለዚህ ልጁ 30 ዓመቱ ቢሆንም እንኳ ጣቢያው ጥፋት ውስጥ ነው። ለልጅ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 እስከ 180 ስለ ወጣት ጥፋተኞች ለብቻው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። የሚወስደው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግም፣ ወላጅም፣ አሳዳሪም፣ የግል ተበዳዩም ሊወስዱት ይችላሉ። «ምርመራ እስክንጨርስ እዚህ ይቆይ» የሚል ነገር በዚያ ውስጥ የለም። ቀጠሮ ካስፈለገም ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ፣ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው ይሰጣል፤ የተረከበው ሰው በቀጠሮው ቀን ያቀርበዋል። «ዘመድ» የሚለው እርስዎን ነው። ድንጋጌው ስለ ዋስትና ገንዘብ አያነሳም፤ 20 ሺህ አስይዙ ቢባሉ ይህንን ያስታውሱ።

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት ሳይዘጋ ወረዳ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ይሂዱ። ሰዓቱ ካለፈ ነገ ተረኛ ዳኛውን ይጠይቁ። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሲቀመጡ የሚያስጽፉት ከዚህ አይበልጥም፦

«አመልካች የሕፃኑ አክስትና አሳዳጊ ነኝ። ልጁ የተወለደው ሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲሆን ማስረጃው ተያይዟል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 172 መሠረት ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሲገባው ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ በጣቢያ ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ ይገኛል። ስለዚህ ፖሊስ ልጁን ዛሬውኑ ይዞ እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ በዝግ እንዲታይ፣ ቀጠሮ የሚሰጥ ከሆነ ልጁን ተረክቤ እንዳቀርበው፣ ዕድሜው አጠራጣሪ ነው ከተባለም በሐኪም እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሕፃን እንዲያዝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ።»

ሁለት ኮፒ ያድርጉት፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስደርጉበት። የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ «እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሕፃን ይያዝ» የምትለዋ፣ ከሁሉ ትበልጥብኛለች። የሐኪም ውጤት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ያንን ሳምንት ልጁ የት ያሳልፈዋል የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

ስለ ማደሪያው ክፍል ፍርድ ቤቱን አይጠብቁ። አሁኑኑ ጣቢያ አዛዡን ያነጋግሩ፤ መርማሪውን ሳይሆን አዛዡን። በብዙ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ወይም ቢያንስ አንዲት ሳጅን አለች፤ እሷን ያግኙ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ክፍል የለንም» ነው፤ እውነትም ላይኖራቸው ይችላል። ያን ጊዜ «ክፍል ከሌላችሁ ለእኔ ስጡኝና ፈርሜ ላቅርበው» ይበሉ። ባይቀበሉም ችሎት ላይ «ጠይቄ ነበር» ለማለት ይጠቅማል። ምግብ ሲያደርሱ ልጁን ዓይን ለዓይን ማየት ያለመታከት ይጠይቁ፤ በዘመድ መጎብኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ሁሉ መብት ነው። ሲያገኙት በመጀመሪያ «ሰርቀሃል?» ብለው አይጠይቁት። «ሌሊት ማን አጠገብ ነው የምትተኛው? የነካህ ሰው አለ? የመታህ አለ?» ብለው ይጠይቁት። ፖሊስ አጠገባችሁ ከቆመ ልጁ ሁልጊዜ «ምንም አልሆንኩም» ነው የሚለው፤ ፊቱንና አረማመዱን ይዩ። ጉዳት ካዩ ለዳኛው ይናገሩና ሕክምና ይታዘዝለት።

«ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል» ሲባል እንዳይደነግጡ። ማንም የተያዘ ሰው አልናገርም የማለት መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃል ደግሞ በማስረጃነት አይያዝም (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5))። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ዘመድ ሳይኖር፣ ማታ፣ መብቱ ሳይነገረው የፈረመው ወረቀት ላይ ብዙ የሚባል አለ። ግን መቃወሚያው ወር ቆይቶ ሲመጣ ዋጋ ያጣል። የመጀመሪያው ችሎት ላይ ልጁ ራሱ ወይም ጠበቃው ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ ለዳኛው ይናገር።

ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ያሳስቡኛል። እነሱ 18 ካለፋቸው ጠበቃቸውም ዘመዶቻቸውም የሚመክሩት ይታወቃል፦ «ትንሹ ነው የወሰደው ይባል፤ እሱን ምንም አያደርጉትም»። ልጆች ደግሞ ይህንን ይቀበላሉ፤ አንዳንዴ በፍርሃት፣ አንዳንዴ ወንድነት መስሏቸው። ልጁን ለብቻው ሲያገኙት ማንም እንዲህ ብሎት እንደሆነ ይጠይቁት። መዝገቡም ከአዋቂዎቹ ተነጥሎ በወጣት ጥፋተኞች ሥርዓት እንዲታይለት ያመልክቱ።

በዚህ ላይ የክሱ ስም አለ። ተራ ስርቆት (አንቀጽ 665) እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ የሚችል ነው። በቡድን ሆነው ነጠቁ ከተባለ ግን ከባድ ስርቆት ወይም ውንብድና ይሆንና ጣሪያው 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ያስፈራል፤ ነገር ግን አንድ በር ይከፍታል። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ልጁን ወክሎ የሚቀርብ ወላጅም አሳዳሪም ሲጠፋ፣ ፍርድ ቤቱ ለልጁ ጠበቃ ይመድባል። እርስዎ ስላሉ ሁለተኛው ላይሠራ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን ይጠይቁበት። ከዚያ ውጭ ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የሕፃናት ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ይሻላል፤ ይህንን ሥርዓት ሳያነበው ዋስትና ሲከራከር የሚውል ጠበቃ ብዙ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ስርቆት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ ባለቤቱ «ተውኩት» ስላለ መዝገቡ አይዘጋም። ዕርቁ ግን ከንቱ አይደለም፤ የተበዳይ መካስ ዳኛው ሲወስን የሚያየው ነገር ነው። ካሱት፣ ነገር ግን በሽማግሌ ፊት፣ በጽሑፍ፣ የስልኩን ዋጋ ያህል ብቻ። ወረቀቱ ላይ «ልጃችን ስለሰረቀ ከፈልን» እንዳይጻፍ፤ «በመካከላችን ሰላም እንዲሆን ለጠፋው ንብረት ምትክ ከፍለናል፤ ይህ ድርጊቱን ማመን አይደለም» ይባል። ለፖሊስ «ለሻይ» የሚባለውን አይሞክሩት። ነገ ሌላ ክስ ሊያመጣብዎት ይችላል፤ ደግሞም አንዴ የቀመሰ መርማሪ ልጁን ቶሎ አይለቅም።

ችሎቱ ራሱ እንደሚፈሩት አይደለም። በአንቀጽ 176 መሠረት በዳኛው ክፍል ውስጥ፣ በዝግ፣ ከመደበኛው ሥርዓት ቀለል ብሎ ነው የሚካሄደው፤ ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጅ ወይም አሳዳሪና ከበጎ አድራጎት ተወካዮች በቀር ሰው አይገባም። ዳኛው በተለመደው አዳራሽ፣ ካቴና ካደረጉ አዋቂዎች መካከል ሊያየው ከሆነ በትሕትና ይቃወሙ። አዲስ አበባ ልደታ ለሕፃናት የተመቻቸ ችሎት አለ፤ በክልል ከተሞች ግን ብዙውን የሚወስነው የዳኛው ፈቃድና የእርስዎ ጥያቄ ነው።

ልጁ ጥፋተኛ ቢባልስ? ሕጉ የሚያስቀምጣቸው እርምጃዎች ተግሣጽ፣ በቅርብ ክትትል ሥር ሆኖ መማር፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ናቸው። የመጨረሻው ከ1 እስከ 5 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ 18 ሲሞላው ግን ያበቃል። የሚታገሉት ይህ የመጨረሻው እንዳይመጣ ነው። ለወጣት ጥፋተኞች የተሠራ የማረሚያ ተቋም በሀገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ የአዲስ አበባው ለረጅም ዘመን ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። በሌላ ቦታ «ማረሚያ ይግባ» ማለት ብዙ ጊዜ የአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ውስጥ የተከለለ ጥግ ነው፤ ጥግ ከተገኘ።

ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ጠባይና ትምህርት ይጠይቃል፤ ወላጅና ትምህርት ቤትን ሊሰማ ይችላል። እዚህ ላይ የእናቱ አለመኖር ይጎዳዋል። «እናት ዓረብ አገር፣ አባት የለም፣ ተቆጣጣሪ የለውም» ተብሎ ተቋም ይሻለዋል የሚባልባቸው ውሳኔዎች አሉ፤ እኔ እነዚህን አልወዳቸውም፤ የእናቱ ስደት የልጁ ጥፋት አይደለምና። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይቅረቡ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ ስለ ክትትሉና ጠባዩ ይጻፍለት። ትምህርት ቤቱ ሲፈታ መልሶ እንደሚቀበለው ያረጋግጥ። እርስዎ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚከታተለው፣ ከሁለቱ ልጆች እንዴት እንደሚለይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻሉ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤትዎን አይታ ብትጽፍ ከሁሉ ይበልጣል።

እግዚአብሔር አያድርገውና ዕድሜው ከ15 በላይ ነው ከተባለ ነገሩ ይከብዳል። የ1954ቱ የወጣት ጥፋተኞች ሥርዓት የሚሸፍነው እስከ 15 ያለውን ብቻ ስለሆነ ከ15 እስከ 18 ያለው ልጅ እንደ ማንም ተጠርጣሪ በጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ በሚጠይቀው ተጨማሪ የእስር ጊዜ) እና በዋስትና ክርክር ያልፋል። ከሕጋችን ክፍተቶች አንዱ ይህ ነው፤ 60 ዓመት ተሻግሯል። ያም ሆኖ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ከ18 በታች ያለን ሁሉ ከአዋቂ ይለያል፤ የማደሪያውን ጥያቄ በዚህ ይግፉበት፣ ቅጣት ላይ አንቀጽ 56ን ያንሱ።

ከእናቱ በኩል ውክልና አይጠብቁ። ከኩዌት በኤምባሲ በኩል እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ልጁን ለመረከብም ሕጉ ውክልና አይጠይቅም። የክትባት ካርዱን የት እንዳስቀመጠች ትንገርዎት፤ ከእሷ አሁን የሚፈለገው ያ ነው። ጭንቀቷ ይገባኛል፤ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብታ የልጇን ስምና ፎቶ ይዛ እንዳታለቅስ ግን ይለምኑልኝ። ችሎቱ በዝግ የሚታየው ስሙ እንዳይነሣ ነው፤ እኛው ካሰራጨነው መልሰን አንሰበስበውም።

ማመልከቻው ገብቶ ሰኞም ፖሊስ ልጁን ካላቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠየቅበት) ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የታሰረው ራሱ ባይፈርምም እርስዎ በቃለ መሐላ አስደግፈው ማቅረብ ይችላሉ። ማኅተም ያለበትን የዓርቡን ማመልከቻ ኮፒ ከእሱ ጋር ያያይዙት።